ሰባ ፈረሷን ቪትዝ ይዤ ጠጠር ሜዳ ወጣሁ (ረጅም ነው፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ)

ማርቆስ_ቪትዝ

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ቅዳሜ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መኪና ለጨዋታ ነዳሁ። ቦታው ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነው። ደምበጫ ሲባል አረቄ የታያችሁ ተረጋጉ፣ ጠብታ አልቀመስንም።

መኪናዋ የ2001 ሞዴል ቪትዝ ናት። አንድ ሺህ ሲሲ ይሏታል፣ በትክክል 997። ማርሽ ያላት ናት። ከአክስቴ ነው የገዛኋት፤ ኋላ ወንበሯ እስከ ዛሬ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ሜዳው ድሮ የመንገድ ሥራ ካምፕ ነበር። ተቋራጩ ነቅሎ ሲሄድ የተጠቀጠቀው ሰሌክት (የመንገድ ጠጠር) ቀረልን። ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል፤ ዛፍ የለው፣ ቦይ የለው። ከወረዳው ደብዳቤ አጻፍን፣ ለትራፊክ ፖሊስም አሳወቅን። ይሄ ብቻውን ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስድስት መኪና ነበርን፤ አራቱ ቪትዝ።

ኮን አጣን። ያለን ሃይላንድ ነው። ባለ ሁለት ሊትሩን ሰብስበን ሩቡን አሸዋ ሞላነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርን። መጀመሪያ ቢጫ ጀሪካን ይሁን ያለ ነበር፤ ባምፐሩን ሲያስበው ተወው። አንድ ጀሪካን ብቻ ጥግ ላይ አቆምን፣ እሱን ዙረህ ነው የምትመለሰው።

ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ጊዜ አንድ መኪና ብቻ ይገባል። ሰዓት በስልክ ይያዛል። ጠርሙስ ከጣልክ በአንዱ ሁለት ሰከንድ ይጨመርብሃል። መስመር ከሳትክ ያ ዙር ተሰረዘ። ርቀቱ 400 ሜትር ቢሆን ነው።

መስመሩን በእግሬ ሦስት ጊዜ ሄድኩበት። አለቀ፣ ገባኝ አልኩ። መኪና ውስጥ ገብቼ ቀበቶ አስሬ ቀና ስል ሜዳው ሙሉ ጠርሙስ ነው። የቱ የኔ እንደሆነ ጠፋኝ።

ተነሳሁ። ሁለተኛ ማርሽ። አምስቱን ጠርሙስ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ሦስተኛው ላይ «እሱን እንዳልነካ» ብዬ አፍጥጬ አየሁት። ቀጥ ብዬ ሄድኩበት! ከዚያ ጀሪካኑ ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውን ጠመዘዝኩ። መኪናዋ ግን ቀጥታ ሄደች። የበለጠ ጠመዘዝኩ፣ የበለጠ ፍሬን ረገጥኩ። እሷ እቴ፣ ቀጥታ። አቧራው ከኋላ መጥቶ አለፈኝ፤ ስቆም ከጀሪካኑ አሥር ሜትር አልፌያለሁ።

ተመለስኩ፣ ጨረስኩ። ከሥር ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ አለ። ሞተሩ ሄደ ብዬ ልቤ ቀጥ አለ። ለካ አንድ ሃይላንድ ባምፐሩ ሥር ተወትፎ እስከ መጨረሻው ጎትቼዋለሁ። «አንድ ነው ሁለት የሚቆጠረው?» በሚል ሩብ ሰዓት ተከራከርን።

51.4 ሰከንድ፣ አራት ጠርሙስ። ድምር 59.4። ሁለተኛው ዙር 52፣ ሁለት ጠርሙስ፣ ድምር 56። ሦስተኛውን መስመር ስቼ ተሰረዘብኝ።

ፍጥነቴ ከ50 አላለፈም። ከዚያ በኋላ ግን እጄ እየተንቀጠቀጠ ውሃ መክፈት አቃተኝ።

አንድ አባት በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ። ስወርድ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?» አሉኝ።
«ምንም አልጠፋብኝም አባቴ፤ እየተለማመድኩ ነው።»
«መንዳት ሳትችል ነው ከማርቆስ ድረስ የመጣኸው?»

መልስ ያላችሁ።

ኮሶበር_ልጅ

ሳቅ ገደለኝ። አባትዬው ግን እውነታቸውን ነው።

ጠርሙሱን አይቼ ጠርሙሱ ላይ ሄድኩ ያልከው የሚገርም ነገር አይደለም። እኛ ሰፈር ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲሆን መጥተህ እይ። ማህበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ አያቴም አባል ነበሩ። ልጅ ሆኜ ፈረስ ሲያስተምሩኝ አገጬን በጣታቸው ያነሱት ነበር። የፈረሱን ጆሮ እያየህ አትዞርም። ልትወጣበት ያሰብከውን ታያለህ፣ ፈረሱ ትከሻህ ሲዞር ይገባዋል። ጉግስ ላይ መሬት መሬት የሚያይ ሰው መሬት ነው የሚያገኘው።

መኪና ትከሻ አይገባውም፣ እጅህ ግን ዓይንህን ይከተላል። ሦስተኛውን ጠርሙስ ሳትደርስበት አራተኛውን እይ። ጀሪካኑ ጋ ስትደርስ ደግሞ ጀሪካኑን ተወው፤ በጎን መስኮት ወደ መመለሻህ እይ።

ቤንዚን_ፈላጊ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰው ለአሥር ሊትር ቤንዚን ሌሊት ተሰልፎ በሚያድርበት አገር ጠርሙስ ዙሪያ መሽከርከር ምን ይሉታል? ደግሞ ነገ ይሄን ያየ ጎረምሳ አስፋልት ላይ ይሞክረዋል። ከዚያ ማን ይጠየቃል?

ማርቆስ_ቪትዝ

ወንድሜ፣ ቤንዚኑን አስልቼዋለሁ። ሦስት ዙር ማለት 1.2 ኪሎ ሜትር ነው። ቤንዚኔን የበላው ከማርቆስ ደምበጫ መሄድና መመለሱ ነው፤ እሱንም አክስቴን ለመጠየቅ በየወሩ እሄደዋለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄህ ግን ልክ ነው። ሜዳ የሄድነውም ለሱ ነው። ካሁን በፊት ማታ ማታ አስፋልት ላይ «እንያያ» የሚባባሉ ልጆች ነበሩ። ሁለቱ ቅዳሜ መጥተው ነበር። አንደኛው በ40 ፍጥነት ሰባት ጠርሙስ ጣለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አላወራም።

የአባይ_ሾፌር

ልጆች፣ እኔ እዚህ ቤት አንባቢ ነኝ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ልጄ ነው ስልኩን ያስተማረኝ። ከኤንትሬ እስከ ሲኖትራክ ድረስ የጭነት መኪና ነድቻለሁ። አባይ በረሃን ስንቴ እንደወረድኩት አልቆጠርኩም።

ማርቆስ፣ ፍሬን የያዝከው መቼ ነው? እየዞርክ። እሱ ነው ጥፋትህ። ፍሬንህን ቀድመህ ጨርስ፣ መሪህ ቀጥ እንዳለ። ከዚያ ልቀቅ። ከዚያ አዙር። ሁለቱን አንድ ላይ ከጠየቅኸው ጎማ ሁለቱንም ይከለክልሃል። ቀጥታ ስትሄድብህ ደግሞ መሪ አትጨምር፤ ትንሽ መልሰው፣ እግርህን አላላው። ጎማው መሬት ሲይዝ በእጅህ ይሰማሃል።

ሌላው፣ ይሄን ሜዳ ላይ ስትለማመድ ቆይተህ ቁልቁለት ላይ እንዳትሞክረው። ደጀን ላይ ስትነሳ በምትወጣበት ማርሽ ውረድ። ኩርባው ላይ ፍሬን ሲነድ የሚሸተውን ሽታ ያሸተተ ሰው አይረሳውም። የረገጥከው ፔዳል ጥጥ ይሆንብሃል። ያኔ መለከት ብትነፋ ማን ይሰማሃል።

ጣናዋ

ጋሼ፣ እንኳን ጻፉ! ይሄን ምክር በገንዘብም አናገኘው።

ከባሕር ዳር ነኝ፣ የኔዋ ቪትዝ ኦቶማቲክ ናት። ሴት ይፈቀዳል ወይ ብዬ አልጠይቅም፣ እመጣለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ኦቶማቲክ ይሆናል? ሄልሜትስ?

ማርቆስ_ቪትዝ

እህቴ፣ ነይ። ከስድስቱ አንዷ ሴት ነበረች፣ እኔንም በልጣኛለች። ይሄን ከላይ ያልጻፍኩት ረስቼ አይደለም።

ኦቶማቲክ ይሆናል። «ዲ» ላይ ከተውሽው ግን ኩርባ መሃል ማርሽ ይቀይርብሻል። «2» ላይ አድርጊው፣ ጀሪካኑ ጋ «ኤል»፣ ዝቅተኛው ማርሽ ላይ። ሄልሜት ሁለት አለን፣ የሞተር ሳይክል ነው፤ በተራ እናደርጋለን። ከሥሩ ነጠላ ወይም ሻሽ ብታስሪ ይሻላል፤ ውስጡ የስድስት ሰው ላብ ነው።

ፊዚክስ_ከቾቄ_ማዶ

አስተማሪ ነኝ፣ ማርክ አልሰጥም፣ አትፍሩ።

ስለ ፈረሶቹ ልንገራችሁ። ጃፓኖቹ ይሄን ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት ብለው ነው የሸጡት። እሱ ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ አንድ በመቶ ገደማ ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ላይ ናት። ስለዚህ ሰባውን ፈረስ ብትጠራ 53ቱ ብቻ ናቸው የሚመጡት። አሥራ ሰባቱ አባይ በረሃ ወርደው ቀርተዋል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ድልድዩ ጋ ከፍታው አንድ ሺህ ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያ ስትወርዱ አሥሩ ያህል በእርግጥ ይመለሳሉ። ሰዎች «ቆላ ስወርድ መኪናዬ ይለቃል» የሚሉት ውሸት አይደለም።

ጋሼ ሾፌር ያሉትን ፍሬን ደግሞ በቁጥር ልየው። ቪትዝ ከነተሳፋሪዋ አንድ ቶን ትሁን። ከደጀን እስከ ድልድዩ 1,300 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው። ይሄ ሁሉ ጉልበት የሆነ ቦታ ሙቀት መሆን አለበት። ስሌቱን ሠራሁት፤ ሁለት ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አርባ ሊትር! በፍሬን ብቻ ከወረድክ ያን ሁሉ እሳት የሚሸከሙት አራት ብረቶች ናቸው። በማርሽ ስትወርድ ግን ሞተሩ ይካፈልሃል። የሠላሳ ቶን ተሳቢ ከሆነ ስልሳ ጀሪካን ነው። ፔዳሉ ጥጥ ሆነ የሚሉት ለዚህ ነው።

የአባይ_ሾፌር

ስልሳ ጀሪካን። እግዚአብሔር ይስጥህ መምህር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምን ተሸክሜ እንደምወርድ አላውቅም ነበር።

ፍኖተሰላም_ጋራዥ

ስለ ፍሬን ከተነሳ እኔም አለሁ። ቪትዝ በየቀኑ እፈታለሁ። ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርጉ ብባል የፍሬን ዘይት ቀይሩ ነው የምለው። ይሄ ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 አዲሱ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ሲጠጣ 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ሲረገጥ ይታመቃል። ክዳኑን ስትከፍቱ ቀለሙ የቆየ ጠላ ከመሰለ ጊዜው አልፏል።

ሞተር አስነሱና ፔዳሉን አንድ ደቂቃ ሙሉ ጠንክራችሁ ረግጣችሁ ያዙት። ቀስ እያለ ከሰመጠ አትውጡ፣ ወደኛ ኑ።

ጎማውን በክሪክ አንሡና ከላይና ከታች፣ ከዚያም ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ አወዛውዙት። ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታ ወይም የመሪ ጫፍ ነው። የቸርኬ ዳዶዎችን በቁልፍ አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ደግሞ እንደገና። ባትሪው መታሰሩን እዩ። ገመድ ያሰረ ሰው አይቻለሁ፣ ገመዱ የአህያ ነበር።

ውስጡን ባዶ አድርጉት። ክሪክ፣ ቅያሪ ጎማ፣ የውሃ ኮዳ፣ የልጅ ጫማ። እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ አውጡ። አንድ ደንበኛዬ ፍሬን ፔዳል ሥር ድንች ገብቶበት መጣ። ድንች!

ሳፋሪ_ወዳድ

በትንሽ መኪና አይሆንም ለሚል ሰው አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ1964 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው ሚኒ ኩፐር ኤስ ናት፤ ፓዲ ሆፕከርክ እየነዳት። ሞተሯ 1,071 ሲሲ ነው። ከማርቆስ ቪትዝ በ74 ሲሲ ብቻ ትበልጣለች! እዚያው ውድድር ላይ ትልልቅ ቪ8 ፎርድ ፋልኮኖች ነበሩ። በረዶና ጠባብ ተራራ መንገድ ላይ ግን ቀላል መኪና፣ የፊት እግሯ የሚጎትት፣ ቶሎ የምትታጠፍ መኪና ይሻላል። ሚኒ በ1965 እና በ1967ም ደገመች።

ጎረቤታችን ኬንያም እንዲሁ። ሳፋሪ ራሊ በ1953 ነው የተጀመረው፤ በ1954 አንደኛ የወጣው ቮልስ ነበር። አዎ፣ አባቶቻችን የነዱት ያው ቮልስ። በኋላ ጆጊንደር ሲንግ የሚባል የኬንያ ሰው ሦስት ጊዜ አሸነፈ። በ1965 በቮልቮ፣ ከዚያ በ1974 እና በ1976 በሚትሱቢሺ ላንሰር። ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ የቆየው ውድድር በ2021 ናይቫሻ ላይ ተመልሷል።

ቤንዚን_ፈላጊ

የሞንቴ ካርሎው ሰውዬ ፋብሪካ ከኋላው ነበረው። ማርቆስ ከኋላው ያለው የአክስቱ በርበሬ ነው።

ኢንሹራንስስ? መኪናዋ ሜዳው ላይ ብትገለበጥ ማን ይከፍላል?

ማርቆስ_ቪትዝ

ማንም። ውሌን አውጥቼ አነበብኩት፣ ውድድር ላይ የደረሰ ጉዳት አይሸፈንም ይላል። አብዛኛው ውል እንደዚህ ነው። ስለዚህ አንዷን መኪና ብቻ እናስገባለን፣ ሌላው ሰው ሁሉ ከአቧራው በስተጀርባ ገመድ ውጪ ይቆማል። ሕፃናት መጀመሪያ ላይ ገመዱን አልፈው ይገቡ ነበር። አንድ ትልቅ ልጅ «ኃላፊ» አድርገን ቀይ ጨርቅ ሰጠነው። ከዚያ በኋላ እናቱ እንኳን ማለፍ አልቻለችም።

ጋሼ ሾፌር፣ የፊታችን ቅዳሜ ይመጣሉ ወይ? መኪናዬን እሰጥዎታለሁ።

የአባይ_ሾፌር

ቪትዝ ውስጥ ጉልበቴ የት ይገባል? እስቲ ጾም ካልገባ።

ጣናዋ

(ከቅዳሜው በኋላ)

መጥቼ ተመለስኩ። ማርቆስ ሳይጽፍ እኔ ልቅደም።

የመጀመሪያው ዙሬ ውርደት ነበር። ሁለተኛው ላይ የኮሶበሩን ምክር ያዝኩ። ጀሪካኑ ጋ ስደርስ አንገቴን በግድ ወደ ጎን መስኮት አዞርኩት። የሚያስፈራ ነገር ነው፣ መኪናህ ወደፊት እየሄደ አንተ ወደ ጎን ታያለህ። ግን ዞረች! እኔ እንኳን አላዞርኳትም፣ እጄ ራሱ ሄደ። በ«ኤል» ስትወጣ ሞተሯ እንደ ወፍጮ ነው የጮኸው። 58 ተኩል፣ አንድ ጠርሙስ። ድምር 60 ተኩል። ቁጥሩ አያኮራም፣ ግን መርዓዊ እስክደርስ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ማርቆስ_ቪትዝ

እሺ፣ ዋናውን ልናገር።

ጋሼ መጡ። በባጃጅ። ኮት ለብሰው፣ ኮፍያ አድርገው። ቪትዟን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ጎማውን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉ። ኮፈኑን አስከፈቱኝ፣ የፍሬን ዘይቱን አዩ፣ ዘጉ። ወንበሩን መጨረሻ ድረስ ወደ ኋላ ገፉት፣ ጉልበታቸው ግን መሪው ላይ ነው የቀረው። ሄልሜቱን ስሰጣቸው ኮፍያቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

መስመሩን በእግራቸው አንድ ጊዜ ብቻ ሄዱበት። በጣም ቀስ ብለው። ጀሪካኑ ጋ ሲደርሱ ቆመው መሬቱን በተረከዛቸው ጫር ጫር አደረጉት። «እዚህ ልል ነው» አሉ። እኔ እዚያው ቦታ ላይ ነው ቀጥታ የሄድኩት። ሦስት ጊዜ ረግጬው አላየሁትም።

ተነሱ። እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩላቸው። ቀስታ ነው። የአቧራው መጠን ራሱ ያንሳል። ከጀሪካኑ ቀድመው ከሩቅ ፍሬን ያዙ፣ ለቀቁ፣ ከልሉ ወጣ ብለው ሰፋ አድርገው ዞሩ። ልጆቹ «ጋሼ ንዱ እንጂ!» እያሉ ጮኹ። አንድም ጠርሙስ አልተነቃነቀም። 55.7።

እኔ ከሳቸው በኋላ ገባሁ። በደንብ ነዳሁ፣ በኔ ቤት። 50.2! ሁሉም አጨበጨበ። ጠርሙስ ሲቆጠር ሦስት። ድምር 56.2።

በግማሽ ሰከንድ በለጡኝ። እንደገና ይሞክሩ ብንላቸው «ዕቃው ደርሷል፣ ምን ልመለስ?» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ።

ቤንዚን_ፈላጊ

የሚነዳው ሰውዬው ከሆነ እኔም ለማየት እመጣለሁ። ለማየት ነው ያልኩት።

የአባይ_ሾፌር

መኪናዋ ጥሩ ናት። የኋላ አሞርዛተሯ አልቋል፣ የግራው፣ አሳየው። ለጉልበቴ ቅባት ተቀብቻለሁ።

ፍኖተሰላም_ጋራዥ

ነገ ከሰዓት አምጣት። በርበሬውንም አጽዳልን።

ማርቆስ_ቪትዝ

እሺ። አንድ ማስታወቂያ ብቻ። ሰላሳ አንድ ሃይላንድ ይዘን ሄደን አሥራ ስምንት ይዘን ነው የተመለስነው። አሸዋውን ደፍተው ልጆቹ ወስደውታል፤ ቀይ ጨርቁን ግን አጣጥፈው ትተውልናል። ባለ ሁለት ሊትር ያላችሁ አትጣሉ። በዚህ ሳምንት የለንም፣ አሞርዛተር ላይ ነኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት።